የአባቴ ፌጦ እና የአምቡሊ ፍየል

አባቴ በሕይወቱ አንድም ነገር ዘርቶ አያውቅም ነበር፤ ስለ እርሻ ግን የማያውቀው ነገር አልነበረም። ዕድሜውን ሙሉ ድሬዳዋ ውስጥ ጨርቅ ሲሸጥ የኖረ ሰው ነው። ጣቃውን በጣቱ ዳስሶ ከየት አገር እንደመጣ ይነግርሃል እንጂ የቲማቲም ችግኝን ከቃሪያ ችግኝ አይለይም። ቢሆንም አያቱ ገበሬ ስለነበሩ እውቀቱ በደም የወረደለት ይመስለዋል። ግትርነቴን ከእሱ እንደወረስኩት የሚናገሩ ሰዎች አሉ። እኔ ግን ስሳሳት አምናለሁ፤ ትንሽ ቆይቼም ቢሆን።

ጅቡቲ ወደ እኔ የመጣው እናቴ በሞተች በዓመቱ ነው። ፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ከገቡ ገና ጥቂት ዓመት ቢሆናቸው ነው። ከጅቡቲ ከተማ ዳር፣ ናጋድ ላይ፣ የዛሬው የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያ አልነበረም፤ አሮጌው ባቡር ነበር እያቃሰተ ከድሬ የሚመላለሰው። ድሬ ያለው ቤታችን ባዶ ነው፤ ወንድሞቼ በየአገሩ ተበትነዋል። አንድ ቀን አባቴ ግቢው ውስጥ ወድቆ፣ ጎረቤት ድምፁን ሰምቶ እስኪያነሳው ድረስ ግድግዳው ሥር ተጋድሞ መዋሉን ሰማሁ። የዚያኑ ሳምንት ሱቄን ዘግቼ ሄድኩና ይዤው መጣሁ። "ለጥቂት ጊዜ ነው" አለኝ። እሺ አልኩት፤ በልቤ ግን ወደዚያ ቤት ዳግም ብቻውን እንዲገባ አልፈለግሁም። ቀጥሎ ሲወድቅ ሰሚ ባይኖርስ የሚለው ሐሳብ እንቅልፍ ነሥቶኝ ነበር።

ካርቲዬ ሁለት በሚባለው ሰፈር የነበረው ቤቴ ጠባብ ነው። ጠዋት እኔ ጨርቅ ወደምሸጥበት ሱቅ ስሄድ አባቴ ወንበሩን በር ላይ ያወጣል፤ ፀሐዩ ሲከር ወንበሩን ይዞ ይገባል። ስመለስ እዚያው ግድግዳ ሲያይ አገኘዋለሁ። ሻንጣውን እንኳ አላራገፈም።

"አባ፣ ልብስህን ሳጥን ውስጥ ላድርግልህ?" እለዋለሁ። እኛ ድሬዎች አባታችንን አንቱ አንልም።

"ተይው። እንግዳ ነኝ። እንግዳ ደግሞ ይሄዳል።"

እኔም እበሽቃለሁ፣ እሱም ይበሽቃል፣ ራታችንን ተኳርፈን እንበላለን።

ያዳነን አምቡሊ ነው። አምቡሊ ውስጥ፣ ዓመቱን ሙሉ ደርቆ ከሚውለው ወንዝ ዳር፣ ከተሜዎች ተሰብስበው የመሠረቱት የአትክልተኞች ማህበር ነበር። ለእያንዳንዱ አባል አንዲት ቁራሽ ማሳ፤ ለሁሉም የጋራ አንድ ጉድጓድና አንድ የውሃ ሞተር። እኔ ተራ ይዤ ብዙ ጠብቄአለሁ። ጥር ላይ አንድ አባል አገር ቀየረና ማሳው ለእኔ ደረሰ። ለአባቴ ነገርኩት። ወንበሩን ከግድግዳው ወደ እኔ አዞረና "ከአያቴ ወዲህ መሬት የነካ ከቤታችን የለም" አለ። በማግስቱ ከእኔ ቀድሞ ተነሥቶ ጫማውን አድርጎ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት።

የማህበሩ ሊቀመንበር ጡረታ የወጣች አዋላጅ ነበረች። ልጅነቷን ድሬዳዋ ያሳለፈች የጅቡቲ ሶማሌ ናት፤ አማርኛዋ ከእኛ ሰፈር አማርኛ አይለይም። ግማሹን አባል ከእናቱ ማህፀን የተቀበለችው እሷ ስለሆነች ማንም ደፍሮ አይመልስላትም። የሞተሩ ክፍል በር ላይ ጥቁር ሰሌዳ ሰቅላ የማህበሩን ወሬ በጠመኔ ትጽፍበታለች፤ አንዱን መስመር በፈረንሳይኛ፣ አንዱን በሶማሊኛ፣ ስትቆጣ ደግሞ በሁሉም። "ሞተሩ ተጠግኗል፣ አልሐምዱሊላህ።" "የወደብ ሠራተኛው ልጁን ድሯል፤ ሐብሐብ ይዞ መጥቷልና ድረሱ።" "ሳይበስል ፓፓያ የቆረጥክ ሰውዬ፣ እናውቅሃለን።" አባቴ ሰሌዳውን ሳያነብ ወደ ማሳው አይሄድም ነበር። ያልገባውን ለእኔ እያስተረጎመ በየወሬው ላይ አስተያየት ይሰጣል።

የመጀመሪያው ቀን ሊቀመንበሯ ሕጉን ነገረችን። ጅቡቲ ውስጥ የሚዘራው ሙቀቱ ሲበርድ፣ ከጥቅምት በኋላ ነው። ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ ፕራንታን የሚሉት ወቅት፣ ሌላው አገር አበባ የሚፈነዳበት፣ እዚህ እሳቱ የሚገባበት ነውና ያኔ ማሳው ሁሉ ያርፋል። ከማረፉ በፊት ሚያዝያ ላይ አንድ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሁሉም ከኒሙ ዛፍ ሥር ይሰበሰባል። የሠርግ የሚያህል ድስት ይጣዳል። እያንዳንዱ አባል ከገዛ ማሳው የበቀለ የሚበላ ነገር ይዞ ቀርቦ፣ ምን እንዳመጣ ጮክ ብሎ ተናግሮ ድስቱ ውስጥ ይጨምራል። ያልጨመረ ማሳውን ለተረኛው ይለቃል። የታመመ፣ መንገድ የሄደ ወይም ምርቱን ቀድሞ የጨረሰ ካለ፣ "ከዚህ ማሳ በልቻለሁ" ብሎ የሚመሰክር ሌላ አባል ይበቃዋል።

"ጊዜ አላችሁ" አለች። "አሁኑኑ ቶሎ የሚደርስ ነገር ዝሩ። ቆስጣ ዝሩ፣ ፍጅል ዝሩ።"

አባቴ ፈገግ አለ። "አቦ፣ በጥር ማን ይዘራል? ዘር የሚወርደው በበልግ ነው። መጋቢት ይግባ።"

"አባባ፣ እዚህ በልግ የለም።"

"በልግ የሌለበት አገር የለም" አለ አባቴ።

እኔ ነገርኩት፣ ሊቀመንበሯ ነገረችው፣ የሚያልፍ የሚያገድመው ሁሉ ነገረው። የሚሰማ ጠፋ። ጥርንና የካቲትን፣ ጎረቤቶቹ ቲማቲም በቅርጫት ሲለቅሙ፣ እሱ መሬት ሲያስተካክል ከረመ። መደቦቹን የሚለካው በክንዱ ነበር፤ ከክርኑ እስከ ጣቱ ጫፍ፣ ጨርቅ እንደሚለካው፣ በየመለኪያው መጨረሻ ላይም እንደ ሱቁ ለገዢው ትንሽ ጨምሮ። ጠጠሩን አንድ በአንድ ለቅሞ ጠርዙ ላይ ደረደረ። በአካባቢው እንደ እኛ ማሳ የጸዳ አልነበረም። አንድ ቅጠል ብቻ ነበር የጎደለው።

ይሁን እንጂ ሰውዬው ተለወጠ። ማታ ማታ ራቱን እየበላ ስለ መሬት ያወራል። ፊቱ ጠቆረ፣ መዳፉ ሻከረ፣ ከእኔ ጋር መጣላት እንኳ ደስ እያለው ሆነ። ግን ያንኑ ግትርነቱን አልተወም። "የድስቱን ቀን ካለፍን፣ እኖራለሁ" አለኝ አንድ ቀን። "ማሳው ከተወሰደ ግን ወንበር ይዤ ግድግዳ ወደማየት አልመለስም። ባቡር አለ፣ ቤቴም አለ። ቃሌ ነው።" ቃሉን የሚያጥፍ ሰው አይደለም። ከዚያ ወዲህ ያንን ባዶ መሬት ባየሁ ቁጥር እስከ ድስቱ ቀን የቀሩትን ሳምንታት እቆጥር ጀመር።

ከማሳችን ቀጥሎ ያለው የአንድ ዓሣ ጋጋሪ ማሳ ነበር። አያቶቹ ከየመን ተሻግረው የመጡ፣ ከተማ ውስጥ ዓሣ ለሁለት ሰንጥቆ በእሳት ጉድጓድ የሚጋግርበት ምግብ ቤት ያለው፣ ሆዱም ሳቁም ትልቅ የሆነ ሰው ነው። አባቴን "ሐጂ" እያለ ይጠራዋል፤ በዓረብኛ ያወራሉ። አጥሩ ላይ ተደግፎ ባዶውን ማሳችንን ለረጅም ጊዜ ያይና "ማሻአላህ፣ እንዴት ያለ ንጹሕ አፈር!" ይላል። ሲያሾፍ ይሁን ሲያደንቅ አይታወቅም። የሚቀጥለው ተረኛ የእሱ የገዛ አማቹ፣ የልጁ ባል እንደሆነ ስንሰማ ግን አባቴ ቁርጥ አደረገው።

"የዚህ ሰው ዓይኑ ጥሩ አይደለም" አለኝ።

መጋቢት ገባ። አባቴ "ቢስሚላህ" ብሎ ከድሬ ያስመጣውን ዘር ሁሉ ዘራ፤ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ሽንኩርት፣ ጎመን። ከዚያ ከሻንጣው ያመጣትን አንዲት ትንሽ ቋጠሮ ከኪሱ አወጣ። አወቅኳት። የእናቴ ፌጦ ነበረች። እናቴ ለሆድ ቁርጠትም፣ ለምችም፣ ለዓይንም የምትለው ያው ፌጦ ነው፤ በቤታችን አንድ ነገር ከደረሰ መጀመሪያ የምትፈታው ያቺን ቋጠሮ ነበር። አባቴ ከዘሩ ግማሹን ለሌላ ጊዜ አስቀምጦ፣ የቀረውን በጎረቤቱ በኩል ባለው ጠርዝ ላይ፣ የሰውዬው ቴምር ጥላ በሚያጠላበት፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ በተነ። ምን እንደሆነ ለጠየቀው ሁሉ ሳያፍር ተናገረ። "የዓይን መከላከያ ነው።" ሰውዬው ራሱ ሲጠይቀውም ይህንኑ መለሰለት። እኔ አፈር ብበላ ደስ ባለኝ።

ፌጦ አይዘገይም። በሣምንቱ አረንጓዴ ጥልፍ መሰለ። ሌላው ግን፣ ገና ብቅ እንዳለ፣ ካምሲን የሚሉት የበረሃ ነፋስ ቀድሞ ነፈሰና ለበለበው። አባቴ ጠዋትና ማታ ውሃ ይሸከማል፣ ጆንያ ያለብሳል፣ በችግኞቹ ላይ ጎንበስ ብሎ ያባብላል። ቲማቲሙ ጠወለገ፣ ጎመኑ ቢጫ ሆነ፣ ቃሪያው ጭራሽ አልወጣም። ተሳሳትኩ ግን አላለም። "ይህ ዓመት በልጉ ተዛባ" ነው ያለው።

ይባስ ብሎ ፌጦውን ፍየል ያዘው። ጅቡቲ ውስጥ ፍየል እንደ ልብ ነው፤ በየመንገዱ ካርቶን ሲበላ ይውላል። አንድ ጠዋት ስንደርስ ከጠርዙ ላይ አንድ ክንድ ያህል ተግጧል። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ሌላ አንድ ክንድ። አባቴ ተንጨረጨረ። ካስቀመጠው ዘር ቆንጥሮ የተበላውን ቦታ እንደገና ይዘራል፤ ያድጋል፤ ይበላል።

"አባ፣ ፍየል እንዲህ አስተካክሎ ይግጣል እንዴ?" አልኩት። አቆራረጡ ፀጉር አስተካካይ የነካው ይመስላል።

"የዚህ አገር ፍየል የሠለጠነ ነው" አለኝ፤ እየቀለደ አልነበረም።

ዱላ ይዞ ማልዶ መሄድ ጀመረ። ሊቀመንበሯን አስቸግሮ ሰሌዳው ላይ አስጻፈ። "ፍየል ያለው ሰው ፍየሉን ይሰር።" ፍየል ያለው አባል አልነበረም፤ ስለዚህ ሁሉም ሌላውን ጠረጠረ። የዓሣ ጋጋሪው በጣም አዘነልን። ከቤቱ የሽቦ መረብ አምጥቶ አባቴን አጥር ሲያግዘው ዋለ፤ የፍየልንም ዘር ማንዘር አብሮ ረገመ። አባቴ "ዓይኑ እንጂ ልቡስ ደህና ነው" አለኝ ማታ። በማግስቱም ፌጦው ተግጦ አደረ።

የድስቱ ቀን ደረሰ። ጠዋት ማሳው ላይ ቆምን። ከደረቁ ችግኞችና ከተረፈው ፌጦ በቀር ምንም የለም። ቤት፣ በር አጠገብ፣ ሻንጣው ተዘግቶ ቆሟል። ጨነቀኝ።

"አባ፣ ከገበያ ቲማቲም እንግዛ" አልኩ። "እሱም ቢሆን ከድሬ በመኪና የመጣ ነው። ያገርህ ነው።"

ዞር ብሎ አየኝ። "ዕድሜዬን ሙሉ ጨርቅ ስሸጥ የሕንዱን የጃፓን ነው ብዬ አላውቅም። አሁን በእርጅናዬ በቲማቲም ልጀምር?"

"እሺ ፌጦውን እንውሰድ።"

"መድኃኒት ድስት ውስጥ ይገባል? ሰው ሁሉ ታሟል እንዴ?"

እውነት ለመናገር እኔም አልገፋሁም። በቤታችን ፌጦ ማለት ፍሬው ነው፤ ተፈጭቶ፣ ፊትን አጨማዶ የሚዋጥ። ቅጠሉን ማንም በልቶ አያውቅም።

ከሶላት በኋላ ኒሙ ሥር ሰው ሞላ። ሴቶቹ ድሪያ በሚሉት ባለአበባ ስስ ቀሚሳቸው፣ ልጆች ከእግር እግር እየተራወጡ፣ ድስቱ ከወዲህ ሲንተከተክ፣ የዓሣ ጋጋሪው ከወዲያ በቆፈረው ጉድጓድ ዓሣውን ሲጋግር። አንዷ "ባሚያ!" ትላለች፤ "ባረከላሁ!" ይሏታል። "ዱባ!" "ባረከላሁ!" አንዱ የሀብታሞች ሰፈር በሆነው በሐራሙስ የቪላ ዘበኛ የሆነ አባል አንዲት ሚጢጢ በርበሬ ይዞ ቀርቦ "በርበሬ!" ሲል ከሁሉ የበለጠ ተጨበጨበለት። ደስ የሚል ቀን ነበር፤ እኔ ብቻ ነኝ ትንፋሼን ይዤ የቆምኩት። የዓሣ ጋጋሪው አማች ነጭ በነጭ ለብሶ፣ እጁን አጣምሮ፣ ከሁሉ ፊት ቆሟል።

አባቴ ተጠራ። ኮፍያውን አስተካክሎ ባዶ እጁን ቀረበ።

"ምንም የለኝም" አለ ጮክ ብሎ። "ዘርቼ ነበር፤ አልሆነም።"

ጫጫታው ቀነሰ። ሊቀመንበሯ ጭልፋዋን ድስቱ ጠርዝ ላይ አስቀመጠች። እንደከበዳት ያስታውቃል። "አባባ፣ ሕግ ሕግ ነው" አለች በቀስታ፤ ከዚያ ቀና ብላ እንደ ልማዱ ጠየቀች። "ከዚህ ማሳ የበላ አለ?"

ሁሉም መሬት መሬት አየ። ማን ምን ይበላል? እኔ ሻንጣውን አሰብኩ፤ ባቡሩን፣ ግቢውን፣ ግድግዳውን። እንባዬ መጣ።

"እኔ በልቻለሁ" አለ አንድ ድምፅ ከጉድጓዱ በኩል።

የዓሣ ጋጋሪው ነበር። ላቡን እየጠረገ መጣ። አማቹ "አባቴ!" አለው፤ አልሰማውም።

"ምን በላህ?" አለች ሊቀመንበሯ።

ሰውዬው ትከሻው ላይ ካለው ፎጣ ውስጥ አንድ እፍኝ አረንጓዴ ቅጠል አወጣ፤ ገና ጠዋት የተቆረጠ። "ይህን። በየቀኑ፣ ከዓሣዬ ጋር።"

አባቴ ቅጠሉን አየ። ሰውዬውን አየ። እንደገና ቅጠሉን አየ።

"ፌጦዬ! ከየት አመጣኸው?"

"ከአጥርህ ሥር።"

"ታዲያ ፍየሉስ?"

"ሐጂ" አለ ሰውዬው አንገቱን ደፍቶ፣ "ፍየሉ እኔ ነኝ።"

ዓረብኛ የሚያውቁት ፈነዱ። ለማያውቁት ተተረጎመና እነሱም ፈነዱ። ሊቀመንበሯ ሳቋ ስላሸነፋት መሬት ላይ ተቀመጠች። አባቴ ብቻ አልሳቀም።

"መድኃኒት እኮ ነው!"

"እኛ ቤት ሰላጣ ነው። ረሻድ እንለዋለን። እናቴ ያለ ረሻድ ዓሣ አትበላም ነበር፤ እሷ ካለፈች ወዲህ አላገኘሁትም። ሽታው ሲያውደኝ እጄ አልታዘዝህ አለኝ።"

"ለምን አትጠይቀኝም?"

"ከእኔ ዓይን ለመጠበቅ የዘራኸውን ቅጠል ስጠኝ ብዬ እንዴት ልጠይቅህ?"

አባቴ ኮፍያውን አውልቆ መልሶ አደረገው።

አማቹ በፈረንሳይኛ ተነጫነጨ፤ የተሰረቀ ነገር እንዴት ምስክር ይሆናል አለ። ሊቀመንበሯ አቧራዋን አራግፋ ተነሣች። "ሕጉ 'የበላ አለ ወይ' ነው የሚለው። አስፈቅዶ በላ፣ ሰርቆ በላ አይልም። በልቷል፣ አለቀ! አንተን ጥቅምት ላይ ሌላ ማሳ እንፈልግልሃለን። አባባ፣ ና፣ ምን እንዳመጣህ ጮክ ብለህ ተናገር።"

አባቴ ከሰውዬው ፎጣ ላይ ቅጠሉን ተቀበለ። "ፌጦ" አለ። ቅጠሉን ከፍ አድርጎ ደገመው። "ፌጦ! ከሚስቴ ቋጠሮ።"

"ባረከላሁ!" አለ ኒሙ ሥር ያለው ሁሉ፤ እኔ ከሁሉም በላይ ጮኽኩ።

የዓሣ ጋጋሪው የዓሣ ቁራጭ በቅጠሉ ጠቅልሎ አባቴን አጎረሰው። አባቴ አላመጠ። ዓይኑ ውሃ ሞላ። "ይለበልባል" አለ። ቅጠሉ እውነትም ይለበልባል፤ ግን እንዲህ አያስለቅስም። ትንሽ ቆይቶ ወደ እኔ ዘንበል ብሎ "እናትሽ ይህን ሳትቀምስ ሄደች" አለኝ፤ ከዚያ ሁለተኛ ጉርሻ ጠየቀ።

ወደ ቤት ስንመለስ በሚኒባሱ መስኮት የሚገባው ነፋስ እንደ ምድጃ አፍ ይጋረፋል። አባቴ ጢሙ ላይ ሩዝ ተጣብቆበት፣ ሆዱን ይዞ ተቀምጧል። እኔ ስለ ሻንጣው መጠየቅ ፈልጌ ፈራሁ።

"ሌባ ነው" አለ በመጨረሻ።

"ሌባ ነው" አልኩ።

"እንዲህ ያለ ሰው አጠገቤ እያለ ማሳዬን ጥዬ የት እሄዳለሁ?"

እጁን ያዝኩት፤ አልነጠቀኝም።

ካርቲዬ ሁለት ስንደርስ፣ ከሚኒባሱ እየወረደ፣ ፊቱን ወደ ሌላ አዙሮ፣ ተራ ነገር እንደሚጠይቅ ሰው አድርጎ፣ "እዚህ አገር የሚዘራው መቼ ነው ያልሽኝ?" አለኝ።

"ከጥቅምት በኋላ፣ አባ።"

"ጥቅምት" አለ፤ ከክርኑ እስከ ጣቱ ጫፍ ክንዱን ዘርግቶ አየር ላይ የሆነ ነገር ለካ። "ሩቅ አይደለም።"